ከአርሶ አደርም ከአርብቶ አደርም ያልተቆጠሩት፦ የነገደ ወይጦ የጣና ዳር ጥያቄ እና የካሳው ቀመር

ከደንገል (ከፓፒረስ) የተሠራ ታንኳ ጣና ሐይቅ ላይ ውሎ ሲመለስ እንደ እንጨት ጀልባ ውሃው ዳር ታስሮ አያድርም። ደንገሉ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ ስለሚውል ይከብዳል፤ ስለዚህ ባለቤቱ ወደ የብስ ይጎትተውና ፀሐይና ነፋስ እንዲያገኘው አቁሞ ያደርቀዋል። ሳይደርቅ ያደረ ታንኳ ቶሎ ይበሰብሳል፤ በደንብ የተያዘውም ቢሆን ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው። ነገሬን ከዚህ የምጀምረው፣ ከሐይቁ ዳር ተነሥቶ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ የሚሰፍር ቤተሰብ ምን እንደሚያጣ ከማናቸውም ሰነድ ይልቅ ይህ ማድረቂያ ቦታ አጉልቶ ስለሚያሳይ ነው። ታንኳን በአስፋልት ላይ ተሸክሞ ቤት ማስገባት አይቻልም፤ ዳር ላይ ጥሎ መሄድም ለሌባና ለብስባሽ መተው ነው። ቤቱ በቆርቆሮ ቢተካም፣ ግቢው ቢሰፋም፣ ሥራው የሚሠራበት ቦታ ቀርቷል።

ባሕር ዳር ውስጥ ኑሮውን በሐይቁና በደንገሉ ላይ ስለመሠረተው ስለ ነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ የሰፈራና የመሬት ጥያቄ የሚደረገው ክርክር ይህን ነጥብ እየዘለለ መቆየቱ ያሳስበኛል። በአንድ ወገን ያሉት ሰዎች፣ ሐይቁን ተጠግቶ በደሳሳ ጎጆ የሚኖረውን ወገን የተሻለ ቦታ ሰጥቶ ማስፈር ከተማዋንም ነዋሪዎቹንም ይጠቅማል ይላሉ። በሌላው ወገን ያሉት ደግሞ፣ ከጥንት ጀምሮ በሐይቁ የኖረን ሕዝብ ከሐይቁ ማራቅ ግፍ ነው ሲሉ ይሟገታሉ። ሦስተኛ ድምፅም አለ፤ እርሱም ከከተማዋ ዙሪያ ለልማት ተብሎ ከእርሻው የተነሣው ገበሬ ድምፅ ነው። የእኛ መሬት ሲወሰድ የተለየ ስምምነት ማን ጠየቀልን ይላል። ሦስቱም ከእውነት የራቁ አይደሉም። ይሁን እንጂ ሦስቱም የሚሟገቱት ስለ ቦታና ስለ ቤት ነው፤ በሕጉ ውስጥ ያለው ክፍተት ግን ከቤቱ ይልቅ ኑሮው ላይ ነው።

ነገደ ወይጦ በባሕር ዳር ብቻ ሳይሆን በጣና ዙሪያ በልዩ ልዩ ሥፍራዎች ተበትነው የሚኖሩ ናቸው። ዛሬ አፋቸውን የሚፈቱት በአማርኛ ነው፤ ሃይማኖታቸው በአብዛኛው እስልምና ነው፤ ከዚህ ጎን ለጎን የዓባይን ውሃ የሚያከብሩበት ጥንታዊ ሥርዓት እንደነበራቸው በጥናቶች ተመዝግቧል። በ18ኛው መቶ ዘመን ወደ አገራችን የመጣው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ሳይቀር ስለ እነርሱ ጽፏል። ጉማሬ ያድኑና ሥጋውን ይበሉ ስለነበር በክርስቲያኑም በሙስሊሙም ጎረቤት ዘንድ ይገለሉ ነበር፤ አብሯቸው የሚበላ፣ ከእነርሱ የሚጋባ አልነበረም። «ወይጦ» የሚለው ነጠላ መጠሪያ ለረጅም ጊዜ እንደ ስድብ ሲነገር ስለኖረ፣ እነርሱ ራሳቸው የሚመርጡት «ነገደ» የሚለው ቃል ሲቀደምለት ነው። መገለሉ ስለ መሬት በሚደረግ ክርክር ውስጥ ቦታ ያለው ጉዳይ ነው፤ ርስት በትውልድ ሐረግ በሚቆጠርበት ዘመን ከሐረጉ ውጭ የተደረገ ሰው ከርስቱም ውጭ ነበረና። ስለዚህ መሬት ሳይኖራቸው፣ ዓሣ በማጥመድ፣ የወፍጮ ድንጋይ በመጥረብ፣ ታንኳ በመሥራትና በደንገል ስፌት ኖሩ። ከዘጌ እስከ ባሕር ዳር ማገዶ በታንኳ ይመጣ የነበረበትን ጊዜ የሚያስታውስ የከተማዋ ነዋሪ ዛሬም ብዙ ነው።

በ1967 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» የሚለው ጥያቄ መልስ ሲያገኝ፣ የገጠር መሬት በአዋጅ ቁጥር 31፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47 ወደ መንግሥት እጅ ገባ። የገጠሩ አዋጅ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ሁሉ የመጠቀም መብት ሰጠ። በጊዜው ለሚሊዮኖች የተከፈተ በር መሆኑን መካድ አይገባም። ነገር ግን የበሩ ቁልፍ ማረስ ነበር፤ ኑሮውን ከውሃና ከደንገል የሚያገኝ ሰው በዚያ በር ለመግባት መጀመሪያ ሌላ ሰው መሆን ነበረበት። ከ20 ዓመት በኋላ የጸደቀው ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 40 ላይ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ከደነገገ በኋላ፣ አርሶ አደሩ በነፃ መሬት የማግኘትና ያለመነቀል፣ አርብቶ አደሩ ደግሞ ለግጦሽም ለእርሻም የሚጠቀምበት መሬት የማግኘትና ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው በስም ጠቅሶ ያስቀምጣል። ኑሮውን በሐይቅ ላይ የመሠረተ ሕዝብ ግን በዚያ አንቀጽ ውስጥ ስም የለውም። ለእርሱ የሚሆን ቃል በቋንቋችንም ስላልተለመደ፣ ለዚህ ጽሑፍ ስል «ሐይቅ አደር» ልበለው።

ይህ የስም ማጣት ወረቀት ላይ የሚቀር ጉዳይ አይደለም፤ ካሳ በሚሰላበት ጠረጴዛ ላይ ብር ሆኖ ይቆጠራል። አንድ ሰው ከይዞታው ሲነሣ ገማቹ መጀመሪያ የሚጠይቀው ካርታ ወይም የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ነው። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ምዝገባ ከተጀመረበት ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ ደብተር የያዘ ገበሬ፣ ካሳው አነሰ ብሎ ሊከራከር ይችላል እንጂ ባለመብትነቱን ለማስረዳት አይቸገርም። ከዚያም በመሬቱ ላይ የቆመው ይቆጠራል፤ ቤቱ፣ አጥሩ፣ ዛፉ፣ ሰብሉ። ደሳሳ የደንገል ጎጆ በዚህ ሚዛን ምን ያህል እንደሚመዝን ለመገመት ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። ቤተሰቡ በየሳምንቱ የሚያጭደው የደንገል ዳር፣ ታንኳው የሚወርድበት መውረጃ፣ የሚደርቅበት ሜዳ፣ ቀረሶና አምባዛ የተባሉት ዓሦች የሚያዙበት ጥልቀት የሌለው ውሃ በቆጠራው ውስጥ አይገቡም፤ የማንም ይዞታ አይደሉምና።

በ1997 ዓ.ም. የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 455 ይህን ክፍተት እንዳለ ትቶት ነበር። እርሱን የተካው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ግን ቢያንስ ሁለት አዳዲስ መንገዶች ከፍቷል። አንደኛው፣ ተነሺዎች ለሚቋረጥባቸው ማኅበራዊ ትስስርና ለሚደርስባቸው የሥነ ልቦና ጉዳት ካሳ እንደሚገባቸው መቀበሉ ነው። ሁለተኛው፣ በእኔ እምነት ለጣና ዳር ሰዎች ዋናው፣ የወል ይዞታ ሲወሰድ ካሳው የሚሰላው ከመሬቱ ይገኝ በነበረው ጥቅም ወይም ተነሺዎቹ ባጡት መተዳደሪያ ላይ ተመሥርቶ እንዲሆን ማዘዙ ነው። «ባጡት መተዳደሪያ» የሚለው ሐሳብ ማድረቂያውንም፣ መውረጃውንም፣ የደንገሉን ዳርም ለማቀፍ ይበቃል። ችግሩ፣ ይህ መንገድ የሚያገለግለው ሕጋዊ የወል ይዞታ መኖሩ አስቀድሞ ሲታወቅ ነው። የጋራ የግጦሽ መሬት በቀበሌ መዝገብ ላይ በወል ስም ሊገኝ ይችላል፤ የደንገል ዳር ግን በተለምዶ የሐይቁ አካል ተደርጎ ስለሚታይ በማንም የወል ስም ሲመዘገብ አይታይም። እንግዲህ ሕጉ መድኃኒቱን አስቀምጦ ሳለ በሽተኛው ካርድ የለውም ተብሎ እየተመለሰ ነው።

ከአዋጁ በላይ ያለው ሕግ ደግሞ ይበልጥ ሰፊ ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 መንግሥት በሚያካሂዳቸው ፕሮግራሞች ምክንያት የተፈናቀሉ ብቻ ሳይሆኑ ኑሯቸው የተነካባቸው ሰዎች ሁሉ ተመጣጣኝ ማካካሻ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይናገራል። ይህ አንቀጽ ካርታም ደብተርም አይጠይቅም፤ መለኪያው የኑሮ መነካት ነው። አንቀጽ 43 ደግሞ ማኅበረሰቡን በሚመለከቱ የልማት ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳቡ እንዲጠየቅ ያዛል። ሁለቱን አንቀጾች አንድ ላይ ያነበበ ሰው፣ ሐይቅ አደሩ ከአንቀጽ 40 ውጭ ቢቀርም ከሕገ መንግሥቱ ውጭ እንዳልሆነ ይረዳል። የሚያስቆጨው፣ በከተማው ክርክር ውስጥ አንቀጽ 40 ደጋግሞ ሲጠቀስ አንቀጽ 44ን የሚያነሣ ሰው ብዙ አለመኖሩ ነው።

አንዳንድ ተሟጋቾች ጉዳዩን «ነባር ሕዝብ» በሚለው ዓለም አቀፍ መለያ ማንሣት ይመርጣሉ። በዚህ ላይ ያለኝን ጥንቃቄ ሳልሸሽግ መናገር አለብኝ። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ የነባር ሕዝቦችን መብት መግለጫ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2007 በ144 ድምፅ ሲያጸድቅ ኢትዮጵያ ድምፅ ከሰጡት አገሮች መካከል አልነበረችም፤ በአገር ውስጥ ሕጋችንም «ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ» እንጂ «ነባር ሕዝብ» የሚባል ምድብ አናገኝም። ከዚህ የከፋው ግን ቃሉ በእኛ አገር ይዞት የሚመጣው ጥላ ነው። «ነባር» በተባለ ቁጥር «መጤ» የሚባል ሰው ይፈጠራል፤ በዚህ ቃል ምክንያት ቤት ንብረቱን ጥሎ የተሰደደው ወገናችን ቁጥሩ ቀላል አይደለም፣ ብዙዎቹም ባሕር ዳርን ተጠግተው አይተናቸዋል። የነገደ ወይጦ ጥያቄ ማን ቀድሞ ደረሰ በሚል ሙግት ላይ መቆም አያስፈልገውም፤ ኑሮው ከሐይቁ ጋር በምን እንደተሳሰረ ማሳየት ይበቃዋል። ይህንንም በአፍሪካ ሕግ ውስጥ ማሳየት ይቻላል።

ኬንያ ውስጥ በቦጎሪያ ሐይቅ ዙሪያ የሚኖሩት የኢንዶሮይስ ሕዝብ ጉዳይ ለእኛ ከማንኛውም የቀረበ ምሳሌ ነው። መንግሥት አካባቢውን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የዱር እንስሳት ጥብቅ ሥፍራ ሲያደርገው ሕዝቡ ከሐይቁ እንዲርቅ ተደረገ፤ ግጦሹንም፣ የአምልኮና የሥርዓት ቦታዎቹንም አጣ። የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2009 በሰጠውና በ2010 ይፋ በሆነው ውሳኔ፣ የንብረት፣ የባህል፣ የሃይማኖት፣ የተፈጥሮ ሀብትና የልማት መብታቸው ተጥሷል አለ። ካሳ እንዲከፈላቸው መንግሥትን ከማሳሰቡ ጋር፣ የቀደመ መሬታቸው እንዲመለስላቸውና ወደ ሐይቁ ያለ ገደብ መድረስ እንዲችሉም አሳሰበ። ኮሚሽኑ የባለቤትነት ወረቀት አለመኖሩን እንደ መከራከሪያ አልተቀበለም። ውሳኔው ተፈጻሚ እንዲሆን ሕዝቡ ብዙ ዓመት መታገሉ እውነት ነው፤ ስለዚህ ፍርድ ሁሉ እንጀራ ይሆናል ብዬ አላታልልም። ነገር ግን ውሳኔው የተመሠረተበትን የአፍሪካ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር ኢትዮጵያ በ1990 ዓ.ም. ያጸደቀችው በመሆኑና በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 መሠረት የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል በመሆኑ፣ ጉዳዩ የጎረቤት አገር ወሬ ብቻ አይደለም።

ከሩቅ አገር አንድ ምሳሌ ብቻ ልጨምር። በካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር የኒስጋ ሕዝብ ከመንግሥት ጋር የደረሰው የመሬት ስምምነት እ.ኤ.አ. ግንቦት 2000 በሥራ ላይ ሲውል ታላቅ የሕዝብ ሙግት ተነሥቶበት ነበር። ሕዝቡ የእኔ ነው ካለው አገር ውስጥ የተመለሰለት ወደ 2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ማለትም ከአሥር እጅ አንድ እጅ የማይሞላ ነው፤ ይህም ሆኖ አንዳንዶቹ በዛ፣ ሌሎቹ አነሰ ብለው ተካሰሱ፤ ስምምነቱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል የሚል ክስ በፍርድ ቤት ቀርቦ ውድቅ ተደረገ። እኔን የሳበኝ ከመሬቱና ከገንዘቡ ጎን የተጻፈው ነገር ነው፤ ሕዝቡ ከናስ ወንዝ ዓሣ በየዓመቱ የሚደርሰው ድርሻ በውሉ ውስጥ ገብቷል። ውሃ ላይ ለሚኖር ሕዝብ መሬት ብቻ መስጠት ግማሽ መልስ መሆኑን የተረዱ ሰዎች የጻፉት ውል ነው።

ወደ እኛ ስመለስ፣ ከእርሻው የተነሣውን ገበሬ ጥያቄ በቸልታ ማለፍ አልፈልግም። ከባሕር ዳር ዙሪያ ሲነሣ በካሬ ተሰልቶ የተሰጠው ገንዘብ በኑሮ ውድነት ተበልቶበት ዛሬ በቀን ሥራ የሚተዳደር ሰው፣ ለሌላው የተለየ ውል ሲወራ ቢከፋው አይፈረድበትም። ነገር ግን ልዩነቱን ማስተዋል ይገባል። የእርሱ በደል መብቱ ታውቆ ሳለ ዋጋው ማነሱ ነው፤ የሐይቅ አደሩ በደል ደግሞ የሚገመት መብት እንዳለው እንኳ አለመታወቁ ነው። አንዱ ሲካስ ሌላው የሚጎድልበት ነገር የለም። እንዲያውም «ባጡት መተዳደሪያ» የሚለው ስሌት በጣና ዳር አንድ ጊዜ በተግባር ከዋለ፣ ገበሬውም የአንድ ዓመት ምርት ተባዝቶ ከሚሰጠው ገንዘብ አልፎ የኑሮ መልሶ መቋቋም ሊጠይቅበት ይችላል።

የከተማ ዕቅድ አዋቂዎችም የሚሉት አላቸው። የሐይቁ ዳር ክፍት የሕዝብ ቦታ መሆን አለበት፣ ፍሳሽም መቆም አለበት ይላሉ። በሁለቱም እስማማለሁ። ሆኖም በሐይቁ ዳር በእግሩ የሚሄድ ሰው መንገዱ በአጥር የሚቋረጥበት የሆቴልና የመዝናኛ ግቢ ሲደርስ እንጂ የደንገል ጎጆ ሲደርስ አይደለም። ክፍት ዳር የሚለው መርህ ለሊዝ ገንዘብ ሲላላ ለድሃ ሲጠብቅ ካየነው፣ መርህነቱ ይቀራል።

ስለ ደንገሉ ራሱ ጥቂት መናገር ግድ ነው፤ ብዙዎች የማኅበረሰቡን አጨዳ ከሐይቁ ጥበቃ ጋር የሚጋጭ አድርገው ያዩታልና። ደንገል ሥሩ ካልተነቀለ ከታጨደ በኋላ መልሶ ይበቅላል። የሚያጠፋው ረግረጉን አድርቆ ማረስ፣ ሥሩን መማስና የሐይቁ መጠን መዋዠቅ ነው። በ1988 ዓ.ም. በጨረጨራ የተሠራው ግድብ የዓባይን መውጫ ለኃይል ማመንጫ ሲል መቆጣጠር ከጀመረ ወዲህ የሐይቁ ከፍታ በተፈጥሮ ብቻ የሚወሰን አልሆነም። በ1995 ዓ.ም. ድርቅ ተጨምሮበት ውሃው ክፉኛ ሲሸሽ በተገለጠው መሬት ላይ እርሻ ተስፋፋ፤ ብዙ የደንገል ዳርም በዚያው ጠፋ። እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም እ.ኤ.አ. በ2011 መታየቱ ሌላ ሸክም ጨመረ። ዩኔስኮ ጣናን በ2007 ዓ.ም. በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ሲመዘግብ፣ ሰውን ከተፈጥሮ ሳይነጥሉ መጠበቅ የሚለውን አሠራር ተቀብለናል ማለት ነው። ደንገል ሲጠፋ ከማንም በፊት የሚራበው ታንኳ ሠሪው ስለሆነ፣ ለደንገሉ ጠባቂ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ያለ ገደብ ማጨድ በእነርሱም እጅ ቢሆን ጉዳት አለው፤ ለዚህ መልሱ ግን የሚታጨድበትንና የሚያርፍበትን ዳር በየተራ የሚወስን የወል ሕግ እንጂ ማባረር አይደለም።

ከሁሉ የከበደው ጥያቄ ውሉን ማን ይፈርም የሚለው ይመስለኛል። በአማራ ክልል የአዊ፣ የኽምራ፣ የኦሮሞና የአርጎባ ሕዝቦች የራሳቸው የአስተዳደር እርከን አላቸው፤ ነገደ ወይጦ ግን በልዩ ልዩ ቀበሌዎች ተበትነው ስለሚኖሩ በአንድ ላይ የሚወክላቸው ምክር ቤት የላቸውም። በዚህ ሁኔታ የሚደረግ ሰፈራ ከእያንዳንዱ ቤተሰብ ጋር ለየብቻ ይፈረማል፤ እያንዳንዱም ቦታና ገንዘብ ይቀበላል፤ መውረጃውና የደንገሉ ዳር የማንም ስላልሆኑ በማንም ፊርማ ሳይጠየቁ ይቀራሉ። የማንነት ዕውቅናው ጥያቄ የራሱ ሕጋዊ ጉዞ ስላለው በእርሱ ላይ ፍርድ አልሰጥም። ነገር ግን የመሬቱን ጉዳይ እርሱ እስኪያልቅ ማዘግየት ለጉዳቱ ጊዜ መስጠት ነው። የወል ይዞታን ለመመዝገብ ብሔረሰብ ተብሎ መታወቅ አያስፈልግም፤ በግጦሽ መሬት ላይ የጋራ መብት ያላቸው የገጠር ጎረቤታሞችም ይህን ተጠይቀው አያውቁም።

ምዝገባው ሲደረግ ሴቶቹ እንዳይረሱ። የክልሉ የገጠር መሬት ደብተር የባልና የሚስትን ስም በአንድነት መያዙ የሚመሰገን አሠራር ነው፤ በጣና ዳር ደግሞ ይበልጥ ያስፈልጋል። ታንኳውን ወንዱ ቢቀዝፈውም፣ ከደንገል ሙዳዩን፣ ሰሌኑንና ሌላውን ስፌት ሠርታ ገበያ የምታወጣው ሴቷ ናት። ጠፋ የተባለው መተዳደሪያ ሲሰላ የዓሣው ገቢ ብቻ ተጽፎ የስፌቱ ከቀረ፣ የቤቱ ግማሽ ገቢ ሳይቆጠር ቀረ ማለት ነው፤ ገንዘቡም በአባወራው ስም ብቻ ከወጣ እርሷ ሁለት ጊዜ ተነሺ ትሆናለች።

የመለካቱ ሥራ ራሱ ጥንቃቄ ይሻል። ጣና ከክረምቱ መውጫ ላይ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ ሞልቶ ወደ የብስ ይገባል፤ በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ደግሞ ይሸሻል። ልኬቱ በግንቦት ብቻ ከተወሰደ፣ ማድረቂያ ተብሎ የተከለለው ቦታ በመስከረም ውሃ ውስጥ ይገኛል፤ በመስከረም ብቻ ከተወሰደ ደግሞ መውረጃው በግንቦት ከውሃው ርቆ፣ በመካከሉ ያለው ጭቃ የሌላ ሰው እርሻ ይሆናል። ስለዚህ ቀያሹ ሁለት ጊዜ መምጣት አለበት፤ በሁለቱም ጊዜ ታንኳ የሚያወርዱት ሰዎች አብረውት ቆመው ችካሉን ሊያሳዩት ይገባል።